ጋሽ አንቀጽ እና የሲስተር አጥር

የቤት ባለቤቶች ማኅበር ባለበት ሰፈር ሁሉ፣ መተዳደሪያ ደንቡን በቃሉ የያዘ አንድ ሰው አይጠፋም። ሌሎቻችን ደንቡን ሳናነብ ነው የፈረምነው። እሱ ግን አንብቦታል፣ አስምሮበታል፣ ከመነጽሩ ጋር በአንድ መሳቢያ ያስቀምጠዋል። ከሩቅ ያየው ሁሉ መንገድ ይሻገራል። ማኅበሩ ግን ያለ እሱ አንድ ሳምንት አይቆምም።

የእኛው ሰው ጋሽ አንቀጽ ይባላሉ። እናታቸው ያወጡላቸው ስም ሌላ ነው። ይህን ያወጣንላቸው እኛ ነን፤ ስለ አጥር የሚደነግገው አንቀጽ ስድስት ከአፋቸው ስለማይጠፋ። ጡረታ የወጡ ቀያሽ ናቸው። የማኅበሩ የአጥርና የወሰን ተቆጣጣሪ ሆነው በሙሉ ድምፅ ተመርጠዋል፤ ሥራውን የሚፈልግ ሌላ ሰው አልነበረማ። እኔ ደግሞ ጸሐፊ ነኝ። እሳቸው ጥፋት ያያሉ፣ «ጻፍ» ይሉኛል፣ እጽፋለሁ።

የመጀመሪያውን ደብዳቤ የጻፍኩት ለራሴ ነው። አጥሬ ላይ የወጣው ሐረግ ከተፈቀደው ቁመት በአራት ሴንቲሜትር በልጦ ተገኘ።

«ቅጠል እኮ ነው ጋሼ፤ ያድጋል» አልኳቸው።

«ማደጉን ደንቡም ያውቃል። ቁመት የወሰነለት ለዚህ ነው።»

ራሴ ጽፌ፣ ራሴ ፈርሜ፣ ራሴ ተረከብኩ።

ሁለት ቤት አለፍ ብላ የምትኖረው የገዛ ልጃቸው በአጥሯ ጫፍ ላይ ሹል ብረት ባስተከለች ጊዜም አልማሯትም። «ለቤት ቁጥር አሥራ ሰባት ባለቤት» ብለው ማስጠንቀቂያ አስጻፉ፤ ግልባጭ ለእናቷ። እናቷ ማለት ባለቤታቸው ናቸው። ግልባጩን ቁርስ ላይ እጅ በእጅ አስረከቧቸው። ባለቤታቸው ለሦስት ሳምንት እንዳላናገሯቸው ሰምቻለሁ። ሹሉ ብረት ግን ተነሣ።

እስከዚያ ድረስ የጋሽ አንቀጽን ነገር ስናወራ እንስቅ ነበር። ሳቁ የቆመው በሲስተር አጥር ነው።

ሲስተር ጡረታ የወጣች ነርስ ናት፤ የሰፈሩን ልጆች ግማሹን መርፌ ወግታለች። ባለቤቷ ዕድሜያቸውን ሙሉ ጂኦግራፊ ያስተማሩ ሰው ናቸው፤ መምህሩ እንላቸዋለን። አንድ ሰኞ ከሥራ ስመለስ የቤታቸው ፊት በላሜራ ተጋርዶ አገኘሁት። ደንባችን የፊት አጥር ከአንድ ሜትር ተኩል እንዳይበልጥ፣ ግቢውም ከመንገድ እንዲታይ ያዛል። ሲስተር ደግሞ ፈቃድ አልጠየቀችም።

በማግስቱ ጋሽ አንቀጽን ተከትዬ ሄድኩ። ሲስተር ወጣችና በሩን ከኋላዋ ቆልፋ ቁልፉን ኪሷ ከተተች።

«ሁለት ሜትር ከአሥር» አሉ ጋሽ አንቀጽ፣ ለክተው ሲጨርሱ።

«የፈቃድ ማመልከቻው ምክንያት ይጻፍ ይላል» አለች ሲስተር። «ምክንያቴን ሰው እንዲያነበው አልፈለግኩም።»

ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነገረችን። መምህሩ መርሳት ከጀመሩ ሁለት ዓመት አልፏቸዋል። ባለፈው ወር አጭሩን አጥር እንደ ልጅ ዘለው ወጡና ስድስት ሰዓት ሙሉ ጠፉ። ያገኘቻቸው አውቶቡስ መናኸሪያ ነው። ከአርባ ዓመት በፊት ወዳስተማሩበት ከተማ ሊሳፈሩ በነጠላ ጫማ ተሰልፈው ነበር።

«ተማሪዎቼ እየጠበቁኝ ነው አለኝ» አለች። «በሚቀጥለው ባላገኘውስ?»

ጋሽ አንቀጽ ሜትራቸውን ቀስ ብለው ጠቀለሉ። ልባቸው ራራ ብዬ ነበር።

«ጻፍ» አሉኝ።

እንደዚያ ቀን ሰው ጠልቼ አላውቅም።

ኮሚቴው ተሰበሰበ። ሊቀመንበራችን ፋርማሲስት ነው፤ ደግ ሰው፣ ጭቅጭቅ የማይወድ። «አይተን እንዳላየን እንለፈው» አለ። ሁላችንም እፎይ አልን። አንድ ሰው ሲቀር።

«ደንቡን ማሻሻል የሚችለው ጠቅላላ ጉባኤው ነው» አሉ ጋሽ አንቀጽ። «እሱም የሚሰበሰበው ከሦስት ወር በኋላ ነው።»

«እስከዚያ ሰውየው ቢጠፉስ?» አልኩ፤ ድምፄ ከፍ ሳይል አልቀረም።

«ዛሬ በምሕረት ብናቆመው፣ ነገ አንዱ ባኮረፈ ቁጥር ‹ያ አጥርሽ› እያለ ያሸማቅቃታል። በምሕረት የቆመ አጥር በኩርፊያ ይፈርሳል። የሲስተር አጥር በደንብ ነው መቆም ያለበት።»

ላሜራው ይቆረጥ የሚለውን ውሳኔ ቃለ ጉባኤው ላይ አሰፈርኩ። ንዴቴ ግን አልበረደም። ቅዳሜ በያጁ መጥቶ ላሜራውን ሲቆርጥ መሰላሉን የያዙለት እሳቸው ናቸው። ሲስተር በመስኮት ታይ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰፈሩ ሰላምታ ነሳቸው፤ እኔም ከነሺዎቹ አንዱ ነበርኩ።

ሰኞ ጠዋት ወደ ሥራ ስወጣ ጋሽ አንቀጽ ከሲስተር በር ፊት ታጣፊ ወንበር ዘርግተው ተቀምጠዋል። ሌላ አጥር እንዳይተከል የሚጠብቁ መስሎኝ አልፌ ሄድኩ። ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ስመለስም እዚያው ናቸው። ማክሰኞም እንዲሁ። ሐሙስ ዕለት መምህሩ ኮት ለብሰው፣ ቦርሳ ይዘው ወደ አጥሩ ሲመጡ ደረስኩ።

«አውቶቡሱ መጣ?» አሉ መምህሩ።

«ገና ነው» አሉ ጋሽ አንቀጽ ተነሥተው። «እስኪመጣ እዚሁ እንጫወት።»

መምህሩ ቦርሳቸውን መሬት አስቀመጡና ስለ ወንዞች ያወሩላቸው ጀመር፤ የትኛው ከየት እንደሚነሣ፣ የት እንደሚገባ። ጋሽ አንቀጽ አጥሩን ተደግፈው እንደ ጎበዝ ተማሪ ያዳምጣሉ። መምህሩ ደክሟቸው ሲገቡ ጠጋ አልኩ።

«ጋሼ፣ እርስዎም ይዋሻሉ ለካ።»

«ምን ዋሸሁ? አውቶቡስ መጥቷል?»

«አልመጣም።»

«እንግዲያው።»

ሰላምታ መንፈጌን የተውኩት ያን ቀን ነው። በዝናብ ቀን ጃንጥላ ይዘው፣ ጉንፋን በያዛቸው ሳምንት አንገታቸውን ጠቅልለው፣ ሦስቱን ወር ከዚያ በር አልጠፉም። ባለቤታቸው ምሳ ያመጡላቸዋል። ኋላ ላይ ሳህኑ ሁለት ሆነ፤ መምህሩ ብቻቸውን መብላት ትተው ነበር።

ጉባኤው ሲደርስ ማሻሻያውን ያነበቡት ራሳቸው ናቸው፤ በሕመም ምክንያት የፊት አጥር ተጋርዶ እስከ ሁለት ሜትር ከሩብ እንዲፈቀድ። እጅ ሁሉ ወጣ። ሲስተር አጠገብ የተቀመጡት መምህሩም አወጡ። ሃምሳ ሦስት ብዬ ቆጠርኩ።

«ሃምሳ ሁለት» አሉ ጋሽ አንቀጽ። «በአንድ ቤት አንድ ድምፅ ነው።»

ሲስተር ሳቀች። ከዚያ ጉባኤ የማስታውሰው ይህን ነው፤ እንባዋን እየጠረገች መሳቋን። ማመልከቻዋን በማግስቱ አስገባች፣ ማኅተም መታሁበት፣ እሁድ ላሜራው ተመልሶ ተበየደ።

ሰኞ ጠዋት ጋሽ አንቀጽ አዲሱን በር ሲያንኳኩ አየኋቸው። ሥራ እንደሚረፍድብኝ እያወቅኩ ቆምኩ። ሲስተር ከፈተች።

«ጋሼ፣ አጥሩ እኮ ቆሟል» አለቻቸው። «ከእንግዲህ ይረፉ እንጂ።»

«አይቻለሁ» አሉ። ጫማቸውን መሬቱ ላይ ጠረግ ጠረግ አደረጉ። «መምህሩስ፣ ተነሥቷል?»

ሲስተር ከበሩ ገለል አለችላቸው።