አንድ መቀመጫ፣ ሁለት ሙሉሰው

የ«ሸጋ ቀን» የሠርግ ሙዚቃ ቡድን አስቸኳይ ስብሰባ ቃለ ጉባኤ

ቀን፦ ሐሙስ፣ ጥር 6 ቀን 2002 ዓ.ም.
ቦታ፦ ጎንደር፣ አራዳ፣ የወ/ሮ ሐዲጃ ልብስ ስፌት ቤት
ሰዓት፦ ለ8 ሰዓት ተጠርቶ 9 ከሩብ ላይ የተጀመረ

የተገኙ አባላት
1. አቶ ዐብዱልከሪም፦ ሰብሳቢ፣ የእህልና የበርበሬ ነጋዴ
2. ወ/ሮ ሐዲጃ፦ የአልባሳት ኃላፊ
3. ኡዘይር፦ ኪቦርድ ተጫዋችና የኮምፒውተር ባለሙያ
4. አያ ሙሉሰው፦ ከበሮ መቺ
5. የዓለምወርቅ፦ ድምፃዊትና ጸሐፊ

በታዛቢነት፦ ሾፌሩ ዳኛው። ድምፅ የመስጠት መብት የለውም፤ ድምፁ ግን ከሁላችንም በላይ ተሰምቷል።

ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቷል። ስድስተኛ አባል አለ፣ የለም በሚል የተነሣው ንትርክ በአጀንዳ 2 ይገኛል።

አጀንዳ 1፦ ወደ ኮላ ድባ ስለሚሄደው ሚኒባስ

ጥር 16 ኮላ ድባ ላለብን ሠርግ ድምፅ ማጉያውና ተወዛዋዦቹ መኪናውን ስለሞሉት የቀረው አንድ መቀመጫ ብቻ መሆኑን ዳኛው አስረድቷል። እዚያ ላይ ወይ አያ ሙሉሰው ይቀመጣሉ፣ ወይ ኮምፒውተሩ። ኮምፒውተሩ ጣሪያ ላይ ይታሰር ቢባል «አቧራ ጠጥቶ ቢሞት ዳኛው ገደለው ልትሉ ነው» ብሏል። አያ ሙሉሰውስ ጣሪያ ላይ ቢሆኑ ተብሎ ሲጠየቅ ትራፊክ ፖሊስ እንደሚከለክል ገልጿል። አያ ሙሉሰው በዚህ ላይ የተናገሩት ለቃለ ጉባኤ የሚሆን አይደለም።

ኡዘይር ማብራሪያ ሰጥቷል። በኅዳር ወር የአያ ሙሉሰውን ከበሮ፣ ጎርናናውን ምት ለብቻ፣ ቀጭኑን ለብቻ እየቀዳ በሙዚቃ ማቀናበሪያው ሶፍትዌር ውስጥ አስገብቶታል። ስለዚህ አሁን ቁልፉን ሲነካ የሚጮኸው ከሶፍትዌሩ ጋር የመጣው ቆርቆሮ የሚመስል ከበሮ ሳይሆን የራሳቸው የአያ ሙሉሰው ነው። ይህም ሳምፕል ይባላል፤ በአማርኛ ናሙና ማለት ነው።

እስከዚያ ድረስ ሲያንጎላጁ የነበሩት ሰብሳቢ «ናሙና» ሲባል ነቁ። ማክሰኝት ገበያ ላይ ናሙና የሚታፈሰው ጆንያው ሊገዛ ታስቦ እንደሆነ፣ ናሙናውን ኪሱ ከትቶ ጆንያውን ጥሎ የሄደ ጨዋ ነጋዴ እንዳላዩ አስገንዝበዋል። ኡዘይር «ይሄ ጆንያ እኮ ስድሳ ዓመት አልፎታል» አለ። አያ ሙሉሰው «ማነው ጆንያ?» ብለው ስለተነሡ ውይይቱ ለጥቂት ጊዜ ተቋርጧል።

አጀንዳ 2፦ ስለ ማስነጠሱ

ወ/ሮ ሐዲጃ ሁሉም የሚያውቀውን፣ ማንም ያልደፈረውን ጉዳይ አንሥተዋል። ጆንያ የድምፅ ማስተጋባትን ይውጣል ተብሎ ናሙናው የተቀዳው በሰብሳቢው የበርበሬ መጋዘን ነው። በዚህም ምክንያት ጎርናናው ምት ላይ የአያ ሙሉሰው ማስነጠስ አብሮ ገብቷል። አያ ሙሉሰው ለለቅሶ መካነ ብርሃን ሄደው ሳለ ማክሰኝት በነበረን ሠርግ ላይ ኮምፒውተሩ በመታ ቁጥር ሲያስነጥስ፣ ሙስሊሙ «የርሐሙከላህ»፣ ክርስቲያኑ «ይማርህ» ሲል አምሽቶ በሦስተኛው ዘፈን ላይ ሁሉም ደክሞት ተቀምጧል። ለድምፅ ማጉያው ጤና አዳም ያስሸተቱ እናትም ነበሩ።

አያ ሙሉሰው «ባልሄድኩበት ሠርግ አስነጠስኩ? ምነው፣ ሰው ምን ይለኛል?» ሲሉ ቅሬታ አቅርበዋል። ኡዘይር ማስነጠሱ ከተቆረጠ ምቱም አብሮ ወገቡ እንደሚቆረጥ፣ እንዲህ ያለ ሸጋ ምት ደግሞ ዳግም እንደማይገኝ መልሷል። ዳኛው ማስነጠስ የቻለ ኮምፒውተር በስድስተኛ አባልነት ይመዝገብልኝ የሚል ሐሳብ አቀረበ፤ ስሙ ሲጠራ አቤት ስለማይል ሐሳቡ ወድቋል።

ከረጅም ውይይት በኋላ ናሙናው ከኮምፒውተሩ እንዲጠፋ ተወሰነ። ኡዘይር እያጉረመረመ ቁልፉን ሲነካ ኮምፒውተሩ በእንግሊዝኛ አንድ ጥያቄ አቀረበ። ምን አለ ሲባል፣ ፋይሉ የተሰየመው በባለቤቱ ስም ነውና «ሙሉሰውን ለዘለዓለም ላጥፋው ወይ? ይላል» ብሎ ተረጎመ። አያ ሙሉሰው አማተቡና «ምነው! ምን አደረግሁት?» አሉ። ሰብሳቢው ኡዘይርን እጁን ከዕቃው ላይ እንዲያነሣ አዘዙት፤ ውሳኔውም ታግዷል።

አጀንዳ 3፦ ናሙናውን ከጆንያው ስለማመሳከር

ሰብሳቢው በገበያ ደንብ መሠረት ሁለቱ እንዲመሳከሩ ሐሳብ አቅርበው፣ ዓይናቸውን በወ/ሮ ሐዲጃ የገበር ጨርቅ አሳሰሩ። አንድ ጊዜ ኮምፒውተሩ፣ አንድ ጊዜ አያ ሙሉሰው መቱ። ሰብሳቢው ያለ አንዳች ጥርጥር «ሙሉሰው የፊተኛው ነው፤ በማስነጠሱ አወቅሁት» አሉ።

የፊተኛው ኮምፒውተሩ ነበር።

ከረጅም ውይይት በኋላ መቀመጫው ለኮምፒውተሩ እንዲሰጥ በሦስት ድጋፍ፣ በአንድ ተቃውሞና በአንድ ድምፀ ተአቅቦ ተወሰነ። ጸሐፊዋ የደገፈችው አያ ሙሉሰው አንዳንዴ ስለሚያፈጥኑባት ነው። ይህ ይመዝገብልኝ ብላለች፤ ራሷ መዝግባዋለች።

አያ ሙሉሰው ይህን ተናግረዋል፦ «እኔ ሠርግ ከሌለ የሚጠራኝ ሰው የለኝም። ድምፄን ይዛችሁ እኔን ቤት ልትጥሉኝ ነው። ከፍቶኛል፤ በጣም ከፍቶኛል።» ከዚያም ወደ ስፌት መኪናዎቹ ጥግ ሄደው ተቀመጡ።

አጀንዳ 4፦ ልምምድ

ጸሐፊዋ ከኮምፒውተሩ ጋር ዘፍናለች። ሁለተኛው ዘፈን ላይ ለሙሽራዋ እናት የምትለው ግጥም ጠፋባት። ይህ በየሠርጉ የሚያጋጥማት ነገር ነው፤ ማንም አያውቅም ብላ ታምን ነበር። ግጥም ሲጠፋባት ከበሮው እዚያው እየዞረ ይቆያት ስለነበር ለስድስት ዓመት የዘፈኑ አካሄድ መስሏት ኖራለች። ኮምፒውተሩ ግን አልቆያትም። አስነጥሶባት አለፈ። ቢደገምም ያው ሆነ።

ኡዘይር መፍትሔ ሲያቀርብ «የትኛው ስንኝ ላይ እንደምትረሺ አስቀድመሽ ከነገርሽኝ እንዲጠብቅሽ አደርገዋለሁ» አለ። ጸሐፊዋ የመለሰችለትን አልመዘገበችም።

በዚህ መሃል ማንም ሳይጠራቸው አያ ሙሉሰው ከጥግ ሆነው በመዳፋቸው መምታት ጀመሩ። ዞሩ፣ ደግመው ዞሩ፤ ግጥሙ መጣ። ጸሐፊዋ «ከፍቶዎት ሳለ ምነው መቱልኝ?» ብላ ስትጠይቃቸው «አፍሽን ከፍተሽ ስትቆሚ ማየት አልወድም» አሉ። ጸሐፊዋ አልቅሳለች። ይህም ይመዝገብ።

ጸሐፊዋ የሰጠችውን ድምፅ አነሣች። ኡዘይርም አንገቱን ደፍቶ «አያ፣ የቀዳሁዎት በሌሉበት ቀን እንዲኖሩልን ብዬ ነው፤ ሊያስቀርዎት መች አሰብኩ» ሲል የራሱን አነሣ። ሰብሳቢው ከመጀመሪያውም ጆንያው ይገዛ ማለታቸውን አስታውሰው ሦስተኛ ሆኑ። መቀመጫው ለአያ ሙሉሰው፣ ኮምፒውተሩም በጭናቸው ላይ እንዲሄድ ስምምነት ላይ ተደረሰ። አያ ሙሉሰው «እሽ፣ ልቀፈው፤ ከኔው የወጣ ነው» ብለዋል።

የመጨረሻ ውሳኔ

ሰብሳቢው፣ ዕድሜ ልኩን የመታልንን ሰው በድምፅ ብልጫ ማባረራችን በጽሑፍ ቢገኝ ነውር መሆኑን አሳስበዋል። ስለሆነም ከአጀንዳ 1 እስከ 4 የተወሰነው፣ የታገደውና የተነሣው ሁሉ ተሽሮ ስብሰባው ጨርሶ እንዳልተካሄደ እንዲቆጠር፣ የአያ ሙሉሰውም ድምፅ ተጨምሮ፣ በሙሉ ድምፅ ተወስኗል። ያልተካሄደውም ስብሰባ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ተበትኗል።

አያ ሙሉሰው በሩ ላይ ደርሰው ተመለሱ። «ስብሰባ ካልነበረ፣ እኔን ያባረረኝ የለማ?» ብለው ጠየቁ።

ሰብሳቢው «ማን አባቱ ያባርርሃል!» አሉ።

«እንግዲያው ይጻፍልኝ።»

ጸሐፊዋ ያልተካሄደ ስብሰባ ቃለ ጉባኤ እንደማይጻፍለት አስረዳቻቸው። እሳቸውም ከበሯቸውን መሬት አስቀምጠው፣ ላዩ ላይ ተቀምጠው፣ ይህን ጽፋ እስክትጨርስ ጠበቋት።