ጸበል የጠጣችው አሜሪካዊት

አሮጌ መኪና የሚወድ ሰው ለሠርግ ቀርቶ ለቀብርም መጠራት የለበትም! ሬሳው ራሱ ይሰለቻል።

እኔ ግን ጠራሁ… ኧረ መጥራት ብቻ? ሚዜ አደረግኩት! ጌታሁን ይባላል፤ እዚህ በስደት ባለንበት ትሮይቪል ሰፈር ጎረቤቴ ነው። ኮሮና ሱቁን ቢያስዘጋበት ጊዜ፣ ሌላው ሰው ዳቦ መጋገር ሲማር እሱ ኋላዋ ክንፍ ያወጣ፣ መንገድ የማይበቃት የአሜሪካ መኪና ገዛ። «ሙሽራ በዚች ካልሄደ በምን ይሄዳል?» አለኝ። እኔም ሞኙ እሺ አልኩ።

መንግሥት ሠርግ ሲከለክል፣ ሲፈቅድ፣ መልሶ ሲከለክል ቀናችን ስንቴ እንደተሰረዘ አትጠይቁኝ። አሁን ደግሞ ቄሱ «አራት ሰዓት ካለፈ ቀጣዮቹን ሙሽሮች አስገባለሁ» ብለዋል። ከዘገየን መቼ እንደምንጋባ የሚያውቀው ቫይረሱ ብቻ ነው።

ሙሽራዬን ሰናይትን ይዘን ግማሽ መንገድ እንደሄድን መኪናዋ እዚህ ሮቦት በሚሉት የትራፊክ መብራት ሥር፣ ቀይ እንደበራ፣ ጨሰች። ጌታሁን ደነገጠ? ምን በወጣው!

«የጥንቶቹ የአሜሪካ መኪና ሠሪዎች እኮ ብዙዎቹ ብስክሌት ጠጋኝ ነበሩ» አለ ኮፈኑን እየከፈተ። «ሞተሩን በእጅ ዘውረው ነበር የሚያስነሱት። መዘውሩ ወደ ኋላ ሲመታ የስንቱን እጅ ሰብሯል!»

«ያንተን አንገት በሰበረው!» አለች ሰናይት ቬሎዋን ሰብስባ።

«ራዲያተሩ ውኃ ጠምቶት ነው። ውኃ የላችሁም?»

የያዝነው እናቷ ድንበር ሳይዘጋ ከአገር ቤት ያስመጡትን አንድ ጀሪካን ጸበል ብቻ ነው። ጌታሁን ዓይኑን ሲጥልበት ሰናይት እቅፍ አደረገችው።

«ጸበል ለመኪና? ነውር አይደለም እንዴ?»

«ጸበል ለታመመ አይደል? ይቺስ ምኗ ጤነኛ ነው?» አለ ጌታሁን።

ሰዓቴን አየሁ… ጀሪካኑን ነጥቄ ገለበጥኩት። ብታምኑም ባታምኑም፣ ተነሳች! ጌታሁን እልልታውን ሳይጨርስ፣ ጥጉን ሳንዞር፣ ያን ሁሉ ጸበል አስፋልቱ ላይ ሸንታው ቆመች።

ያዳነን የሚኒባስ ታክሲ ነው። ሾፌሩ ቬሎውን ሲያይ «ሃው! ማኮቲ!» ብሎ ጮኸ፤ ሙሽሪት ማለቱ ነው። ጥሩምባውን እየነፋ አከነፈን። ጌታሁን ከኋላ ወንበር ስለ ሞተሮች ታሪክ እያስተማረን፣ ቀጣዮቹ ሙሽሮች ሊገቡ ሲሉ ደርሰን ተጋባን።

ስንወጣ አማቴ «ጸበሉስ?» አሉ።

«ለበሽተኛ ሰጠነው» አልኩ።

«እሰይ! ተሻለው?»

ዞር ብዬ ጌታሁንን አየሁት። ማስኩን አገጩ ላይ አውርዶ፣ ቄሱን ግድግዳ አስደግፎ፣ በእንፋሎት ይሄዱ ስለነበሩ የአሜሪካ መኪኖች ያስረዳቸዋል።

«ኧረ ብሶበታል!»