ለአባባ የገዛኋቸው የራሴ ዶሮዎች

ጓደኞቼ፣ ዛሬ ጠዋት የሰው ሽምግልና መሀል በፒጃማ ገብቻለሁ።

በትክክል አንብባችኋል። በፒጃማ! አንድ እግሬ ላይ ነጠላ ጫማ፣ ሌላው ላይ ካልሲ ብቻ፣ እጄ ላይ መወልወያ።

እባካችሁ መጀመሪያ ሳቁና ጨርሱ።

ጨረሳችሁ? እሺ፣ ልቀጥል።

እንደምታውቁት የምኖረው ቡራዩ ነው። እማዬ አምና ካረፈች በኋላ አባባን ከሰንዳፋ አምጥቼ እኔ ጋ አድርጌዋለሁ። ጉልበቱን ስለሚያመው በምርኩዝ ነው የሚሄደው። እኔ ደግሞ አስራ ሁለት ሰዓት ላይ የታክሲ ሰልፍ ውስጥ ነኝ፤ አዲስ አበባ ሥራ ውዬ ስመለስ ፀሐይ ገብታለች።

አባባ ቀኑን ሙሉ ግቢው ውስጥ የፕላስቲክ ወንበር ላይ ይቀመጣል። ብቻውን። "እንዴት ዋልክ?" እለዋለሁ። "ደህና" ይለኛል። አለቀ። ወሬያችን ይኸው ነው።

ጨዋታ አዋቂ የነበረ ሰው እንዲህ ዝም ሲል ያስፈራል፣ እመኑኝ።

ታዲያ አንድ ቀን ስልኬን ስነካካ መፍትሄው ተገለጠልኝ። ዶሮ!

ቪዲዮ አየሁ። ነጭ ሌግሆርን ይባላሉ። ቀጠን ያሉ፣ ልብሳቸው በረኪና የገባ የሚመስል፣ አናታቸው ላይ ቀይ ዘውድ ያላቸው። ትንሽ በልተው ብዙ እንቁላል ይጥላሉ ተባለ። ቆንጆ፣ ፈጣን፣ ውጤታማ! ወደድኳቸው።

ሰበታ ድረስ ሄጄ ዘጠኝ ቄቦች በካርቶን ጭኜ መጣሁ። ሻጩ ደግ ሰው ነው፤ "እህት፣ ቤት የሚውለው ማን ነው? አጥርሽስ ምን ያህል ነው?" ብሎ ሊጠይቀኝ ጀምሮ ነበር።

"ቸኩያለሁ ወንድሜ!" አልኩት።

እዚሁ ፖስት አድርጌያቸው ነበር፣ ትዝ ይላችኋል? "ለአባባ ስጦታ" ብዬ፣ ከሦስት ልብ ጋር። ላይክ ያደረጋችሁ ሁሉ፣ ይቅር በሉኝ።

ምክንያቱም እነዚህ ዶሮዎች ዶሮ አይደሉም። ሄሊኮፕተር ናቸው!

ኮሽ ሲል ይበራሉ። ሳል ስትስል ይበራሉ። የመኖውን ሳህን ይዘህ ስትቀርብ፣ ምግብ ልትሰጣቸው እኮ ነው፣ የተገደሉ ያህል ጮኸው ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ይወጣሉ። አባባ ዝም ብሎ ያያቸዋል። እኔ "ቀስ በቀስ ይለምዳቸዋል" እላለሁ።

እና ዛሬ እሁድ ጠዋት ቤት ስወለውል አንዷ አጥሩ ላይ ወጣች። ከአጥሩ ወደ ጎረቤታችን ጋሽ ተፈራ ግቢ።

በራቸው ገርበብ ብሎ ነበር። በርግጄ ገባሁ።

"ያዟት! ያዟት! እንዳታመልጥ!"

በረንዳው ላይ አራት ሽማግሌዎች ጋቢያቸውን አጣፍተው ቆመዋል። ፊት ለፊታቸው ጋሽ ተፈራና ባለቤታቸው። ልጃቸው ሊዲያ ከሳሎኑ በር ጀርባ አጮልቃ ታያለች። ለካ የሊዲያ ሽምግልና ነው! ሽማግሌዎቹ ገና ቆመው ጉዳያቸውን እየተናገሩ ነው።

እኔ ስጮህ ሁሉም ዞረው ማንን ቢያዩ ጥሩ ነው?

ሊዲያን!

ሙሽሪት ልታመልጥ መስሏቸው። ሊዲያ ደንግጣ "እኔ አይደለሁም!" አለች። ምስኪን።

የኔዋ የት አለች? የሽማግሌዎቹ አፈ ጉባኤ ትከሻ ላይ። ረዥም፣ ሽበታም አዛውንት ናቸው፣ ጋቢያቸው እንደ ወተት የነጣ። እዚያው ሆና፣ ሁላችንም እያየናት፣ ኩሷን ጣለች።

ጋቢው ላይ።

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ብዬ ተመኘሁ። ቡራዩ ውስጥ እንደዚህ ያለ ጉድጓድ ሲፈለግ አይገኝም።

ሰውየው ግን ንቅንቅ አላሉም። ቀስ ብለው እጃቸውን ላኩ፣ ክንፎቿን ሰብስበው ያዙና ጋቢያቸው ውስጥ ከተቷት። ከዚያ ጎንበስ ብለው "አካም ቡልቴ?" አሏት። እንዴት አደርሽ ማለት ነው። ዶሮዋን እኮ ነው!

ያቺ እብድ፣ እኔ በሁለት ሳምንት ነክቻት የማላውቃት፣ ዓይኗን ከደን አድርጋ ዝም አለች።

ጋሽ ተፈራን ቀና ብዬ አላየሁም። ሰውየው ኮስታራ ናቸው፤ ይህንኑ ሽምግልና አንዴ "እናስብበታለን" ብለው እንደመለሱ ሰፈሩ በሙሉ ያውቃል። ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ሲጀምር በቁጣ ነው ብዬ ወደ በሩ አፈገፈግኩ።

እየሳቁ ነው! እንባቸው እስኪመጣ!

"እንግዲህ አንዷን ይዛችኋል፣" አሉ፣ "ሁለተኛዋን ደግሞ በወግ ጠይቁ። በሉ ተቀመጡ!"

እኔ ግን አልተቀመጥኩም። ሮጥኩ።

ቤት ገብቼ ትራስ ውስጥ ጭንቅላቴን ቀበርኩ። ሰፈር ልቀይር ነው፣ ገላን ቤት ይገኝ ይሆን እያልኩ ሳስብ፣ ከአንድ ሰዓት በኋላ በሩ ተንኳኳ።

ሰውየው ናቸው! ዶሮዋ አሁንም ጋቢያቸው ውስጥ ናት። ሽምግልናውን ሙሉ ታቅፈዋት ነው የጨረሱት።

"ኢንተላ ኮ፣ አትፈሪ" አሉኝ። ልጄ ማለታቸው ነው። "ነገሩ ሰምሯል።" ኦቦ ለታ ይባላሉ፣ የሙሽራው አጎት ናቸው፣ ሱሉልታ ዶሮ የሚያረቡ። ጋቢውን ላጥብ ብዬ ስለማመጥ ሳቁብኝ። ከዚያ ግቢውን ዞር ዞር ብለው አዩና ጠየቁ።

"ዶሮዎቹ የማን ናቸው?"

"የአባባ!" አልኩ፣ በኩራት።

"የእሷ ናቸው" አለ አባባ፣ ከወንበሩ።

ሁለታችንም ዞር አልን።

ኦቦ ለታ ሌላ ወንበር ስበው አጠገቡ ተቀመጡ። "እርስዎስ ምን ዓይነት ዶሮ ይወዳሉ?" አሉት።

በቃ። ይቺን ነው የጠየቁት። እኔ ያልጠየቅኳትን።

አባባ ምርኩዙን ወንበሩ ላይ አስደገፈ። "እኔ ማባረር አልችልም" አለ። "ስጠራት የምትመጣ፣ ከእጄ የምትበላ፣ እግሬ ስር የምትተኛ ብትሆን። ባለቤቴ ገብስማ ነበሯት። እኔ ነበርኩ የማበላቸው፤ ስትጠራቸው ግን የእሷን ድምፅ ነበር የሚያውቁት።"

ይህን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ! ከመጣ ጀምሮ ይህን ያህል ሲናገር አልሰማሁም።

ከዚያ ሱሪውን ወደ ላይ ሰብሰብ አደረገ። ጉልበቱ አብጧል፣ ጠቁሯል። "ማክሰኞ እለት አንዷ ደንብራ እግሬ ውስጥ ገባች። ወደቅኩ።"

ማክሰኞ! እኔ ቢሮ ሆኜ።

"አባባ፣ ለምን አልነገርከኝም?"

"ደስ ብሎሽ ነበራ። ፎቶ አንስተሽ ለሰው ስታሳዪ።"

እዚህ ጋ ቀልድ የለኝም። አለቀስኩ።

ኦቦ ለታ እስክጨርስ ጠብቀው ቀስ ብለው አስረዱኝ። ጥፋቱ የዶሮዎቹ አይደለም አሉ። ሌግሆርን የተዘጋ ሰፊ ቤት ይዞ እንቁላል ለሚሸጥ ሰው ግሩም ነው። ጫጩት ለሚፈልግ፣ የሀበሻዋ ታቅፋ ታሳድጋለች። ለሽማግሌ፣ ለዝቅተኛ አጥር፣ ከእጅ ለማብላት ደግሞ ኮኮክ የሚሏት ገብስማ አለች። ከባድ ናት፣ አትበርም፣ ሰው ትወዳለች።

"ዶሮ ሳትመርጪ መጀመሪያ ሰውየውን እዪ" አሉኝ። ከዚያ ነጮቹን አዩ፣ እኔን አዩ። "እነዚህ አንቺን ነው የሚመስሉት። ሲሮጡ ይውላሉ፣ ሰው ሲቀርባቸው ይበራሉ።"

በጨዋነት የተሰነዘረ ጥፊ! ደረሰኝ፣ ተቀብያለሁ።

የቀሩትን ስምንት ለመያዝ ሦስት የጋሽ ተፈራ እንግዶች፣ ሊዲያ ራሷ በሽምግልና ቀሚሷ፣ እና እኔ (አሁን ልብስ ለብሻለሁ) ተረባረብን። ካርቶን ውስጥ ገብተው የሽማግሌዎቹ መኪና ላይ ተጫኑ። ኦቦ ለታ በዘጠኙ ፈንታ ገብስማ ሊሰጡን ተስማሙ።

ከዚያ አባባ ተነሳ። "አብሬ ሄጄ ልምረጥ" አለ።

ከደጃፍ ወጥቶ የማያውቀው አባቴ! ጃኬቱን ለብሶ ሱሉልታ ሄደ!

አስር ሰዓት ላይ አራት ገብስማ ይዞ ተመለሰ፤ ኦቦ ለታ ራሳቸው አድርሰውት። እኔ ልውውጡ አንድ ለአንድ ነው ብዬ አምስት ቀረ ልል አፌን ስከፍት አባባ "አራት ይበቃኛል፣ በስማቸው ልጠራቸው ነው" አለኝ። እራት ላይ ወሬው አላቆመም። ስለ ሱሉልታ ብርድ፣ ስለ ኦቦ ለታ የዶሮ ቤት፣ በመንገድ ላይ ስለተሳሳቁት። ወጡ ቀዘቀዘ። ይቀዝቀዝ!

ገለቶማ፣ ኦቦ ለታ። ጋሽ ተፈራ፣ ስለሳቁልኝ እርስዎንም አመሰግናለሁ። ሊዲያዬ፣ እንኳን ደስ ያለሽ፣ እና ይቅርታ።

ይህን ስጽፍ በግቢው መብራት በመስኮት እያየሁት ነው። አንዷ ገብስማ ጫማው ላይ ተቀምጣለች፤ እሱ በእማዬ አጠራር እየጠራ ፍርፋሪ ይሰጣታል።

እኔ ልጁ ነኝ፤ ምን እንደሚወድ ያወቀው ግን በአምስት ደቂቃ አንድ የሱሉልታ ሰው ነው።

እስቲ እናንተም በኮሜንት ተናዘዙ፣ ብቻዬን አታሳፍሩኝ። "ለእሱ ነው፣ ለእሷ ነው" ብላችሁ ለራሳችሁ የገዛችሁት ነገር ምንድን ነው?