ፓስፖርት የሌላቸው አምባሳደር

ሰውን ሁሉ ወደ ውጭ የሚሸኘው የትም ሄዶ የማያውቅ ሰው ነው። በየሰፈሩ አንድ አይጠፋም። ቪዛ ጠይቆ አያውቅም፣ አውሮፕላንን የሚያውቀው ወደ ላይ አንጋጦ ነው፤ ማመልከቻው ላይ የትኛው ጥያቄ በስንተኛው ገጽ እንዳለ ግን በቃሉ ይወጣዋል። የዚህ ሰፈሩ «ክቡር አምባሳደር» ይባላሉ። በሥራቸው የአንድ መሥሪያ ቤት ንብረት ክፍል ኃላፊ ናቸው፤ አምባሳደርነቱን የሰጣቸው ሰፈሩ ነው፣ እሳቸውም አልመለሱትም።

የወንድማቸው ልጅ ውጭ አገር በውሃ ምሕንድስና ለሁለተኛ ዲግሪ ነጻ የትምህርት ዕድል ያገኘች ዕለት፣ እናቷ ገና ለጎረቤት ሳትናገር አምባሳደሩ ከች አሉ። ሶፋው ላይ ተደላድለው መነጽራቸውን ጠረጉ።

«ደብዳቤውን አምጪው።»

ወደ መስኮቱ አዙረው ማህተሙን አዩት፣ አገላብጠው ጀርባውንም አዩት።

«ደግ። ከእንግዲህ ያለእኔ አንድ ወረቀት እንዳትነኪ።»

«እሺ ጋሼ» አለች ልጅቷ። የጣጣው ሁሉ መነሻ ያቺ እሺ ናት።

በፎቶ ተጀመረ። የመጀመሪያውን አይተው ራሳቸውን ነቀነቁ። «ፈገግ ብለሻል።»

«ኧረ አላልኩም ጋሼ!»

«አፍሽ አላለም፤ ዓይንሽ ብሏል። ቆንስሉ ሞኝ እንዳይመስልሽ።»

ሁለተኛው ላይ ደግሞ ኮስተር ብላ ብትነሣ፣ «ይቺ ሄዳ የምትቀር ትመስላለች» ብለው መለሱት። ሦስተኛው አለፈ። ቆማ ስለደከማት ደስታም ኀዘንም ፊቷ ላይ አልነበረም።

ለምን መማር እንደምትፈልግ የሚያስረዳውን ጽሑፍ ሁለት ሳምንት ለፍታበት ነበር። አምባሳደሩ ቀይ እስክሪብቶ አወጡና በየአንቀጹ መጨረሻ «ተምሬ እመለሳለሁ» የሚል ጨመሩበት። ዘጠኝ ጊዜ።

«ጋሼ፣ ልሂድ ነው ወይስ ልመለስ ነው የምጠይቃቸው?»

«አንቺ ዝም በይ። ቆንስሉ ሞኝ እንዳይመስልሽ።»

ይህ ቆንስል በእሳቸው አፍ የማያየው ነገር አልነበረም። የፎልደሩን ቀለም ያያል፣ በስቴፕለር የተመታ ወረቀት ያጠራጥረዋል፣ የታጠፈ ወረቀት ከነባለቤቱ ይመልሳል። ልጅቷ ሳታየው ፈራችው።

የኤምባሲ ቀጠሮዋ ዓርብ ነበር። ቅዳሜ ዕለት፣ ስድስት ቀን ሲቀረው፣ አምባሳደሩ ኦሪጅናል ትራንስክሪፕቷን «ለጥንቃቄ» ብለው ወሰዱት። ማታውኑ ላሚኔት አስደርገው እያብለጨለጨ አመጡት።

«ዝናብ ቢመታው፣ ሻይ ቢደፋበት፣ ምንም አይለው!»

ሰኞ ጠዋት ሰነድ የሚያረጋግጠው ቢሮ መስኮት ላይ ደረሰች። ሠራተኛው ማህተሙን አንሥቶ ወረቀቱን በጣቱ ዳሰሰና ማህተሙን መልሶ አስቀመጠው።

«እህቴ፣ ማህተም ላስቲክ ላይ አይዝም። ከተማርሽበት አዲስ አስወጪ።»

ሮጣ ዩኒቨርሲቲው ሬጅስትራር ሄደች። አሥራ አምስት ቀን ይፈጃል አሏት። የዓርቡ ቀጠሮ ካለፋት ቀጣዩ ከሁለት ወር በኋላ ነው፤ ትምህርቱ ደግሞ በአምስት ሳምንት ይጀምራል። እናቷ ላስቲኩን በምላጭ ልትገልጠው ሞከረች፤ የዲኑ ፊርማ አብሮ ተነሣ።

ልጅቷ ያንን የተላጠ ወረቀት ይዛ አጎቷ ቤት ሄደች።

«ጋሼ፣ ጉድ ሠሩኝ! ማን ላሚኔት አድርጉልኝ አለዎት?»

አምባሳደሩ ወረቀቱን አዩት። ቆንስሉንም አላነሡ። ኮታቸውን ለብሰው ወጡ።

ማክሰኞ ቀኑን ሙሉ አልታዩም፣ ስልካቸውም ዝግ ነው። ሰፈሩ «ተደበቁ» አለ። ልጅቷም እንደዚያው አመነች፣ ስማቸው ሲነሣ ደሟ ይፈላ ጀመር።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ከሬጅስትራር ተደወለ። መጥተሽ ፈርመሽ ውሰጂ አሏት። የመዝገብ ክፍሏ ሴትዮ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ አዲሱን ትራንስክሪፕት ሰጠቻት።

«አሥራ አምስት ቀን አላላችሁኝም?»

«ብለናል። ሰውዬው ናቸው እንጂ! ከትናንት ጠዋት ጀምሮ እዚያች ወንበር ላይ ናቸው። ይሂዱ ስንላቸው ዓመት ፈቃዴን ወስጃለሁ፣ መሄጃ የለኝም ይሉናል። ፋይልሽ ጠፍቶን ነበር፤ ንብረት ክፍል ነኝ ብለው መደርደሪያውን ሙሉ አውርደው እሳቸው ናቸው ያገኙት። አቧራው ጉሮሯቸውን ዘግቶት ሲያስሉ ነበር የዋሉት።»

ፋይሉን ገልጣ አንድ በእጅ የተጻፈ ማመልከቻ አሳየቻት።

«ጉዳዩ፦ በእኔ አላዋቂነት የተበላሸ የወንድሜን ልጅ ማስረጃ ይመለከታል። ከላይ በርእሱ እንደተገለጸው፣ ልጅቷ ምንም ጥፋት የሌለባት ሲሆን፣ እኔ ስለ ቪዛ የማውቀው አንዳችም ነገር ሳይኖር አውቃለሁ በማለቴ ማስረጃውን ከጥቅም ውጭ አድርጌያለሁ። የእኔ ድፍረት የእሷን ዕድል እንዳይዘጋባት በትሕትና እለምናለሁ።»

ግርጌው ላይ ስማቸው ከነአያታቸው፣ ከሥሩ «ንብረት ክፍል» ብቻ። ልጅቷ እዚያው መስኮቱ ላይ ተደግፋ አለቀሰች። ጉድ ሠሩኝ ብላ እንደጮኸችባቸው ትዝ ብሏት አፈረች።

ሐሙስ ማህተሙ ተመታ፣ ዓርብ ቀጠሮዋ ላይ ደረሰች፣ ከሦስት ሳምንት በኋላ ቪዛው መጣ። አምባሳደሩም በማግስቱ ወደ ሹመታቸው ተመለሱ፤ ሻንጣ እንዴት እንደሚታሰር ሊያስረዱ መጡ።

ልትሄድ ሁለት ቀን ሲቀራት የጎረቤት ልጅ የራሷን የመግቢያ ደብዳቤ ይዛ መጣች።

«እታለም፣ ሰነዱን ማንን ላማክር? አምባሳደሩ ጋ እንዳትሄጂ እያሉኝ ነው።»

«እሳቸው ጋ ሂጂ» አለቻት። «አንድ ወረቀት ማበላሸታቸው አይቀርም፣ እሱን ቻይው። ሲበላሽ ግን ሰው ሁሉ ‹አይዞሽ› ብሎሽ ወደ ቤቱ ይገባል። ቢሮ በር ላይ ሁለት ቀን የሚቀመጥልሽ እሳቸው ብቻ ናቸው።»