አማቴና ባለወርቅ ዓሣዋ ብዕር

የሰው ልብ በምን እንደሚማረክ አይታወቅም። አንዱን በቅሎ ይማርከዋል፣ አንዱን ሥልጣን፣ አንዱን የጎረቤቱ መሬት። እኔ የማውቃቸው ሰው ግን ልባቸውን የሰጡት ለብዕር ነው። ታዲያ ይህን ስላችሁ «ምሁር ነበሩ ማለት ነው» እንዳትሉ። ብዕር ማፍቀርና መጻፍ ማፍቀር ለየቅል የሆኑ ሁለት በሽታዎች ናቸው። እሳቸው ሁለቱም ነበረባቸው።

ደርግ ወድቆ ጥቂት ዓመታት እንዳለፉ ቦንጋ ውስጥ የባዮሎጂ አስተማሪ ነበርኩ። አስቴርን እወዳት ነበር፤ እሷም ትወደኝ ነበር። የቸገሩን አባቷ ናቸው። ጋሽ ወልደማርያም ፍርድ ቤቱ ደጃፍ፣ ከዝግባው ሥር ተቀምጠው ማመልከቻ የሚጽፉ፣ እስክሪብቶን «የፕላስቲክ ውሸት» ብለው የሚጸየፉ የተከበሩ ሰው ነበሩ። ልጃቸውን ለመምህር አይሰጡም ይባላል። ለምን? መምህር ጠመኔ እንጂ ቀለም አያውቅማ!

በዚያው ክረምት የጫካ ቡና ሊያጠኑ የመጡ አንድ ጃፓናዊ አዛውንት ማንኪራ ጫካ ድረስ መንገድ እየመራሁ ወሰድኩ። ሰውየው ጭቃው ሲያንሸራትታቸው (ያ መንገድ ያልጣለው እንግዳ የለም) በሁለት እጃቸው ጥብቅ አድርገው የሚይዙት የደረት ኪሳቸውን ነበር። ኪሳቸው ውስጥ ሁለት ብዕሮች ነበሩ። ሲሰናበቱኝ አንዷን ሰጡኝ።

እንዴት አድርጌ ልንገራችሁ? ጥቁር ናት፤ ግን ውስጧ ውኃ የተኛ የሚመስል ጥቁር። በዛፍ ሙጫ ደጋግመው ቀብተው፣ በቀጭን ብሩሽ ሥለው፣ ሙጫው ሳይደርቅ የወርቅ ብናኝ ነስንሰው የሠሯት ናት። በአገራቸው እንዲህ ያሉትን እየሰበሰቡ በሐር ጨርቅ ጠቅልለው የሚያስተኙ ሰዎች አሉ አሉኝ። ወርቁ ዓሣ ነው፤ ጭንቅላቱ ክዳኗ ላይ፣ ጅራቱ እጀታዋ ላይ። ክዳኗን ስትፈቱት ዓሣው ለሁለት ይቆረጣል፤ ስታጠብቁት ይገጥማል።

ምን ላድርግ? ሽማግሌ ላክሁ፤ አከራዬን ጋሽ በቀለንና የጨርቅ ነጋዴውን ሐጂ ኑሩን። «ብዕሯን እጅ መንሻ ያዙልኝ» አልኳቸው። ሽማግሌ ካለበት ነገር አይበላሽም ብዬ! አመሻሽ ላይ ፊታቸው እንደ ጨረቃ በርቶ ተመለሱ።

«ምን አሉ?»

«ኧረ ተወን!» አሉ ጋሽ በቀለ። «ዓሣውን ሲያዩ እንባቸው ቀረረ። እሳቸው ሲከፍቱ እኛ ‹ተቆረጠ!›፣ ሲገጥሙ ‹ዳነ!› ስንል፣ ሰዓቱ የት እንደሄደ!»

«አስቴርንስ?»

ተያዩ። ሐጂ ኑሩ ጢማቸውን ጨበጡ።

«ረሳናት።»

ዘመኑ የግምገማ ነበርና ሁለቱም እዚያው በቆሙበት ግለ ሂስ አደረጉ። ብዕሯ ግን ከጋሽ ወልደማርያም ዘንድ ቀርታለች።

በማግሥቱ ከዝግባው ሥር በዓሣዋ መጻፍ ጀመሩ። ያልተበደለው፣ ያልከሰሰው፣ ከዋጫ ከተማ ለገበያ የመጣው ሳይቀር «ማመልከቻ ይጻፉልኝ» እያለ ተሰለፈ። «ማንን ልትከስ?» ሲሉት «እርስዎ ብቻ ይክፈቷት፣ የሚከሰስ አይጠፋም!» ይላል። ከሰልፉ መሐል ታዲያ አንድ ምላሰኛ «ልጁን በብዕር ለወጠ» አለ። ወሬ እግር አለው፤ ከሰዓት በኋላ ጆሯቸው ገባ። ያን ዕለት ማታ ብዕሯ በመሐረብ ተጠቅልላ፣ ከነመልእክቷ ተመለሰችልኝ፦ «ወልደማርያም የሚሸጥ ልጅ የለውም። ሽማግሌም ደግሞ እንዳይልክ።»

አለቀልኝ። እህል አልወርድህ አለኝ። የምድር ሰው ሁሉ እጅ መንሻ ሲልክ ይሰምርለታል፤ የኔ ጨርሶ በር አዘጋብኝ!

በነጋታው አስቴር ትምህርት ቤት ድረስ መጣች።

«ብዕሯን አምጣት» አለችኝ።

«ምን ልታደርጊያት?»

«የማን ናት?»

«የኔ።»

«ለኔ ስጠኛ!»

ሰጠኋት። እስከ ዝግባው ድረስ እየሮጥኩ ተከተልኳት። በተሰበሰበው ሰው ፊት ብዕሯን አባቷ ጠረጴዛ ላይ አኖረቻት።

«አባባ፣ ይቺ ብዕር የኔ ናት። ለእርስዎ የሰጠዎት የለም። ትናንት የጻፉባት ከኔ ተውሰው ነው።»

ጋሽ ወልደማርያም ልጃቸውን አዩ። ዓሣውን አዩ። እኔን አለፉኝ። ከዚያ ወንበራቸው እስኪገለበጥ ብድግ አሉ።

«ውሰት!» ብለው ጮኹ። «ውሰት ሽያጭ አይደለም! ሰምታችኋል? በየትኛውም ሕግ፣ በየትኛውም መንግሥት ውሰት ሽያጭ ሆኖ አያውቅም!»

ሕዝቡ አጨበጨበ፤ ያ ምላሰኛም አብሮ አጨበጨበ። ጋሽ በቀለ፣ ዳግም እንዳይረሱ ፈርተው ነው መሰለኝ፣ ከወዲያ ማዶ «እንግዲያው ልጅቷስ?» ብለው ተጣሩ።

«እሷን ራሷን ጠይቁ» አሉ አባቷ፣ የብዕሯን ክዳን እየፈቱ። «እንዳያችሁት ጠበቃ አያስፈልጋትም።»

ተጋባን፤ ብዕሯም ከባለቤቷ ጋር ቤቴ ገባች። የማንኪራ ማር ጠጅ ሆኖ ፈሰሰ፤ ሐጂ ኑሩ በብርዝ ብቻ ከሁሉም በላይ ጨፈሩ። ጎጆ የሁለት ሰው ነው ይላሉ አይደል? ይህን ያሉ ሰዎች አማቴን አያውቋቸውም። በሠርጉ ማግሥት፣ ገና በማለዳ በር ተንኳኳ። ዓይኔን እያሻሸሁ ከፈትኩ። እሳቸው ናቸው፤ ኮታቸውን ለብሰው፣ የቀለም ጠርሙስ ይዘው።

«እንዴት አደረች?» አሉኝ።

እፍረት ጆሮዬን አጋለው። «ደ... ደህና አድራለች። ገና ተኝታለች።»

«ጥሩ ነው፣ ትተኛ» አሉና በትከሻዬ ላይ አሻግረው ወደ መስኮቱ አንጋጠጡ። «ፀሐይ እንዳይነካት ብቻ፤ ሙጫዋ ይደበዝዛል።»