ቅቤ የፈሰሰበት ባንዲራ

ቋንቋውን የማያውቅ አስተማሪ ክፍል ማስጌጥ ይወዳል። እመኑኝ! ግድግዳው ባማረ ቁጥር የአስተማሪውን ጭንቅላት ጠርጥሩ... ከራሴ አውቀዋለሁ። በጣልያን ጊዜ ቡታጅራ ላይ ጣልያንኛ አስተምር ነበር። የማውቀው ግን ሰላምታና ሦስት ቀለም ብቻ ነው፤ ቬርዴ፣ ቢያንኮ፣ ሮሶ። አረንጓዴ፣ ነጭ፣ ቀይ። በቃ! ተማሪዎቼ ተገደው የሚማሩ ነጋዴዎች ስለነበሩ፣ ከዚያ በላይ የጠየቀኝም የለም።

የመስቀል ሰሞን ካፒቴኑ ክፍሉን ሊጎበኝ እንደሚመጣ ተነገረኝ። "የጣልያን ባንዲራ ተሠርቶ ካልጠበቀኝ አስተማሪው ወህኒ ይወርዳል" ብሏል አሉ። ጨርቅ የለ፣ ቀለም የለ! የቸገረው እርጉዝ ያገባል አይደል የሚባለው? ዞር ብዬ ሳይ ለካስ አገሩ ሁሉ ባንዲራ እየበላ ነው... ጎመን፣ አይብ፣ ክትፎ! አከራዬ እትዬ ብዙነሽ ሠሩልኝ፤ እኔ ሰፊ የእንሰት ቅጠል የክፍሉ ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ ሦስቱን ጎን ለጎን ደረደርኩ። ከሥራቸው የቀለማቸውን ስም በጣልያንኛ ጻፍኩ። ቁርጥ ባንዲራ! ደረቴን ነፍቼ ካፒቴኑ መምጣቱን ለማየት ወጣሁ።

ስመለስ እትዬ ብዙነሽ መጥበሻ ይዘው ቆመዋል።

"እትዬ! ምን አደረጉ?"

"ደረቅ አይብ ለእንግዳ? ሰው ምን ይለኛል!"

እርድ የገባበት ንጥር ቅቤያቸውን ነጩ ላይ አፍስሰውታል። አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ!

አንባቢዬ ሆይ፣ ያን ባንዲራ ይዞ መገኘት በዚያ ዘመን አንገት ያስቆርጥ ነበር። ከተማሪዎቼ መካከል የጨው ነጋዴው አቶ ደገሙ ቀስ ብለው ተነሡና ባርኔጣቸውን አወለቁ። ሁሉም ተነሡ። ምን ልዋሻችሁ፣ እንባዬ መጣ... ወዲያው የካፒቴኑ መኪና ተሰማ፤ እንባዬም ተመለሰ።

"ብሉ! በመድኃኔዓለም፣ ብሉ!" አልኳቸው።

ባንዲራ እንዲህ በጥድፊያ ሲወርድ አይቼ አላውቅም። ካፒቴኑ ከአስተርጓሚው ጋር ሲገባ ቅጠሉ ተልሷል።

"ባንዲራዬ የታል?"

"ከ... ከፍቅር ብዛት ተበላ፣ ሲኞር!"

ፊቱ ሲጠቁር እትዬ ብዙነሽ ጣልቃ ገቡ። "የእንግዳ ድርሻማ አይበላም!" ብለው ከድነው ያስቀመጡትን ሳህን አቀረቡለት። ከፈቱት... አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ!

ካፒቴኑ ቢጫው ላይ ጣቱን ቀሰረ። "ይህ በጣልያንኛ ምን ይባላል?"

ቢጫን መች ተምሬ! "ቢያንኮ!" አልኩ በድፍረት።

"ነጭና ቢጫ የማይለይ አስተማሪ!" ብሎ ከት ብሎ ሳቀ። ጅል መቼ ያምፃል ብሎ ይሆናል፤ ሳህኑን ተቀብሎ ጠርጎ በላው። ጅልነቴን ያመሰገንኩት ያን ቀን ብቻ ነው።

በማግስቱ ካፒቴኑ በጠና መታመሙን ሰማን። ሆዱን ይዞ ቤትና ጓሮ ሲመላለስ ነው አሉ። እትዬ ብዙነሽ ከልባቸው አዘኑ።

"ምስኪን!" አሉ። "አገር ሙሉ ሊውጥ መጥቶ፣ አንድ ሳህን አልፈጭ አለው?"