ጋሽ ቆይና የከሳችው ብልጭታ

ሞተር ሳይክል ባለበት ሰፈር ሁሉ አንድ «ቆይ!» የሚል ሰው አይጠፋም። እርስዎ ቸኩለው መፍቻ ሲያነሱ፣ እሱ እጅዎን ይይዛል።

የእኛው ባለማዕረግ ጋሽ ቆይ ይባላሉ። ወላጆቻቸው ያወጡላቸውን ስም ሰፈሩ ከረሳው ዘመናት አልፈዋል፤ ሚስታቸውም እርግጠኛ አይደሉም ይባላል (የምለው እኔ ነኝ)። ጋራዣቸው አንድ የቆርቆሮ በር፣ አንድ አግዳሚ ወንበርና ማንም እንዳይነካው የተከለከለ አንድ የዕቃ ሣጥን ነው።

ሌላው መካኒክ ዕቃ ይፈታል፤ ክቡርነታቸው ቃል ይቀበላሉ። «ሞተር በገዛ እጇ አትበላሽም። መጨረሻ የነካት ማነው?» ባለቤቱ ሳይናዘዝ ብሎን አይፈታም። ዳቦ አከፋፋዩ «ሞተሬ ጉልበት አጣች» ብሎ የመጣ ጊዜ ግማሽ ቀን መረመሩት። በመጨረሻ፣ አቧራ እንዳይገባ ብሎ የአማቱን ፎጣ የአየር ማስገቢያው ውስጥ መወተፉን አመነ። ፎጣው ወጣ፤ አማቱም እስከ ዛሬ አላናገሩትም።

አንድ ማክሰኞ ግን ተከሳሹ እኔ ሆንኩ። እናቴ የዓይን ሞራዋን ለመገፈፍ ሰባት ወር የጠበቀችው ቀጠሮ አራት ሰዓት ላይ ነው፤ ያመለጠው ተመልሶ ወረፋው ጭራ ላይ ነው የሚሰለፈው። የጠዋቱ አውቶቡስ ሄዷል። ሞተሬ ደግሞ ጭጭ ብላለች። እኔ እየገፋሁ፣ እናቴ የኋላ መቀመጫውን ይዛ እየተከተለችኝ ጋራዡ በር ደረስን።

«ቆይ!» አሉ ገና ሳልቆም። «መጨረሻ የነካት ማነው?»

«ማንም።»

«ማንም የሚባለውን ሰውዬ በደንብ አውቀዋለሁ። ብዙ ሞተር አበላሽቷል።»

ነዳጁን የሚያቀጣጥለውን ካንዴላ ፈቱ፤ ከገመዱ ሳያላቅቁ ሞተሩ ብረት ላይ አስደገፉትና በሩን ገርበብ አድርገው አጨለሙ። «ርገጥ!» ማስነሻውን ረገጥኩ። ካንዴላው ጫፍ ላይ ቀጭን፣ ቢጫ፣ ሳትወለድ የሞተች ብልጭታ ታየች።

«ይቺ ናት ነዳጅ የምታቀጣጥለው? ይቺ ራሷ ብርድ ይዟታል!»

አዲስ ካንዴላ ሞከሩ። ያው ናት። «ስንት ሰዓት ሆነ ልጄ?» አለች እናቴ ከአግዳሚው ላይ። «ሦስት» አልኳት። ሦስት ተኩል ሊሆን ነበር።

«ኮይሉ ነዋ! ቀይሩት በቃ፣ ጋሽዬ፣ በናትዎ!» አልኳቸው።

«ቆይ! ሳይፈረድበት አንሰቅለውም።» ይህን ብለው፣ ምን እንዳዩ እንጃ፣ ጆሮዬን ትኩር ብለው ተመለከቱ። ከዚያ አንዲት ቁራጭ ሽቦ አነሱ፤ አንዱን ጫፍ ለካንዴላው እሳት የሚሰጠው ኮይል ብረት ላይ፣ ሌላውን ሞተሩ ላይ አስነኩ። «ርገጥ!»

ቷ! ሰማያዊ፣ ወፍራም፣ ጥጋበኛ ብልጭታ። ፊታቸውን በጨለማው ውስጥ አየሁት፤ ልጁ የተዳረለት አባት ይመስሉ ነበር።

ኮይሉ ጤነኛ ነው። የሞተሯን ብረት የሚነካበት ቦታ ነው የተደፈነው። ፈትተው ሲያነሱት፣ ብረት ለብረት መገናኘት ያለበት ቦታ በአረንጓዴ ቀለም ተለቅልቋል።

እናቴን አምሬ ላድርሳት ብዬ ትናንት ሞተሯን ዕቃዋን እየፈታሁ የቀባሁት እኔው ነኝ። ለእናቴም ለሰፈሩም ግን «ባለሙያ ነው የቀባልኝ» ብዬ ነበር። እጄን ወደ ጆሮዬ ሰደድኩ፤ የደረቀ ቀለም ተላጦ ጣቴ ላይ ቀረ፤ አረንጓዴ።

«ምን ሆና ነው?» አለች እናቴ።

ጋሽ ቆይ ቀለሙን በብርጭቆ ወረቀት እየፈገፈጉ፣ «ቀቢው እጁ ለጋስ ነው፣ እትዬ» አሉ። ኮይሉን መልሰው አሰሩ። በሁለተኛው ርግጫ ሞተሯ አጓራች። ሐኪም ቤት የደረስነው የእናቴ ስም ሲጠራ ነው።

በማግስቱ ፋሻው ተነስቶላት ስንመለስ «ላመስግናቸው» ብላ ጋራዡ በር ላይ አስቆመችኝ። ጋሽ ቆይን መረቀች። ከዚያ ዞር ብላ ሞተሬን ከመብራቷ እስከ ጭራዋ አየቻት።

«ይሄን የቀባው ሰውዬ እኮ ከእኔ በፊት ነበር መታከም የነበረበት!»

አግዳሚው ላይ የተቀመጠው ሁሉ በሳቅ ፈነዳ። እንዲህ ያለ ወሬ እኔ እጅ ቢገባ ለምሳ ሳይደርስ ሦስት ሰፈር አዳርሰው ነበር። ዳቦ አከፋፋዩ አንገቱን አሰገገ፦

«ማነው ግን የቀባት፣ ጋሽ ቆይ? እርስዎ አያጡትም።»

ክቡርነታቸው ሽቦዋን ጠቅልለው ሣጥናቸው ውስጥ ከተቱ። ክዳኑን ገጠሙ። ወደ ጆሮዬ አንዴ አዩ።

«ማንም» አሉ።